አንድ ፕሮቲን፣ ሦስት ስሞች፤ የኸር-2 ታሪክ ለስያሜ ሥራ የሚሰጠው ትምህርት

1. መነሻ

የሳይንስ ቃላትን ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚደክሙ ሰዎች ዘወትር የሚያነሡት ጥያቄ «ይህ ቃል በአማርኛ ምን ይባላል?» የሚል ነው። ከዚያ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ግን «ነገሩ በተሰየመበት ቋንቋስ ስሙን ያገኘው እንዴት ነው?» የሚለው ይመስለናል። ስም ሁልጊዜ የነገሩን ጠባይ አይገልጽም። አንዳንዴ ነገሩ የተገኘበትን ስፍራ፣ አንዳንዴ አግኚዎቹ የተከተሉትን መንገድ፣ አንዳንዴም ኋላ ሳይጸና የቀረ ግምትን ይዞ ይኖራል። እንዲህ ያለውን ስም ቃል በቃል የሚተረጕም ሰው የሚተረጕመው የነገሩን ምንነት ሳይሆን የታሪኩን አጋጣሚ ነው።

ይህን ለማሳየት በሰው ሕዋስ ሽፋን ላይ የሚገኘውንና በሕክምና ጽሑፎች ኸር-2 እየተባለ የሚጠራውን ፕሮቲን መርጠናል። የመረጥንበትም ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ ፕሮቲኑ ባንድ ጊዜ ሁለት አገልግሎት ያለው መሆኑ ነው፤ በጡት ካንሰር ሕክምና የበሽታውን ዐይነት ለይቶ የሚያሳውቅ አመልካች ነው፤ እንደዚሁም መድኃኒት የሚያነጣጥርበት ዒላማ ነው። ሁለተኛው፣ በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሚደርሱት የካንሰር ዐይነቶች ሁሉ የጡት ካንሰር በብዛት የመጀመሪያውን ስፍራ የያዘ በመሆኑ፣ ስለዚህ ፕሮቲን የሚነገረው ነገር ባገር ውስጥም ሆነ አማርኛ ተናጋሪዎች በሚኖሩባቸው የውጭ አገሮች በሐኪምና በታማሚ መካከል መተርጐም የሚያስፈልገው መሆኑ ነው። አስተርጓሚው የሚመርጠው ቃል ታማሚዋ ስለ ገዛ ሕመሟ የምታውቀውን ይወስናል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

2. ከፕሮቲኑ በፊት የነበሩ ቃላት

ፕሮቲን የሚለውን ቃል በ1838 ለጽሑፍ ያበቃው ሆላንዳዊው ኬሚስት ጌራርዱስ ዮሐንስ ሙልደር ሲሆን፣ ቃሉን ያመነጨለት ስዊድናዊው ዮንስ ያኮብ ቤርዜሊዩስ ነበር። መነሻው «ቀዳሚ፣ የመጀመሪያውን ደረጃ የያዘ» የሚል ፍች ያለው የግሪክ ቃል ነው። አማርኛ ቃሉን እንዳለ ተቀብሎታል። ይሁንና በሕዝብ ዘንድ የታወቀው በምግብ ትምህርት በኩል ስለ ሆነ፣ ፕሮቲን ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው እንቍላልን፣ ሥጋን፣ ወተትንና ጥራጥሬን ነው። «የሰው ፕሮቲን» የሚለው ሐረግ ለባለሞያ ግልጽ ሲሆን ለሌላው አንባቢ እንግዳ የሚሆነው ከዚህ የተነሣ ነው። መጀመሪያ በተጠቀሰበት ቦታ ላይ «በሰው ሕዋስ ውስጥ የሚሠራ ፕሮቲን» ብሎ ማስፋት ችግሩን ያቃልለዋል።

«ተቀባይ» ብለን የምንተረጕመው ቃል የመጣው ከጀርመናዊው ሐኪም ከፓውል ኤርሊኽ ነው። ኤርሊኽ በ1900 ገደማ መርዝ ወይም መድኃኒት በሕዋስ ላይ የሚሠራው ከሕዋሱ አካል ጋር ሲጣበቅ ብቻ መሆኑን አስረድቶ፣ የሚጣበቅበትን ክፍል ተቀባይ ብሎ ሰየመ። እንግሊዛዊው ጆን ላንግሊም በ1905 በበኩሉ ጥናት ተነሥቶ ስለ «ተቀባይ ንጥረ ነገር» ጻፈ። ኤርሊኽ ከዚሁ ጋር ጤናማውን አካል ሳይነካ የበሽታውን መንሥኤ ብቻ ፈልጎ የሚመታ መድኃኒት እንዲገኝ ይመኝ ነበር፤ ይህንንም «ምትሐተኛ ጥይት» ብሎታል። በ1910 ለቂጥኝ ሕክምና የወጣው ሳልቫርሳን የዚህ ምኞት የመጀመሪያ ፍሬ ነበር።

ዛሬ «የመድኃኒት ዒላማ» የምንለው አነጋገር ከዚህ የጥይት ምሳሌ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ዒላማ በአማርኛ ከተኳሽ ሞያ የታወቀ ቃል በመሆኑ ሐሳቡን ያለ ችግር ይሸከማል። ጥንቃቄ የሚያሻው በሌላ በኩል ነው። ዒላማና ዓላማ የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ቅርጽ ብቻ ስለ ሆነ፣ በኅትመት ላይ አንዱ በሌላው ቦታ ቢገባ አራሚው ላያየው ይችላል። «የመድኃኒቱ ዒላማ» መድኃኒቱ የሚያርፍበት አካል ነው፤ «የመድኃኒቱ ዓላማ» ግን መድኃኒቱ የተሠራበት ግብ ነው። የኸር-2ን ታሪክ ለሚጽፍ ሰው የሁለቱ መደባለቅ መላውን ዐረፍተ ነገር ያፈርስበታል።

3. ሦስቱ ስሞች እንዴት ተወለዱ

የፕሮቲኑ የመጀመሪያ ስም የመጣው ከነርቭ ዕጢ ነው። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የሮበርት ዋይንበርግ የጥናት ቡድን በኬሚካል ምክንያት የነርቭ ዕጢ ከወጣባቸው ትላልቅ የቤተ ሙከራ አይጦች የተገኘውን የዘር ንጥረ ነገር ወደ ትናንሽ አይጦች ሕዋሳት አዛወረ፤ ሕዋሳቱም የካንሰርን ጠባይ ያዙ። የዚህ ሥራ ውጤት በ1981 ታተመ። በ1984 ደግሞ ለለውጡ ምክንያት የሆነው ጂን ከነርቭ ዕጢው ስም ተወስዶ «ኒዩ» ተብሎ ተጠራ፤ ጂኑ የሚሠራው ፕሮቲን ክብደት 185 ሺህ ገደማ መሆኑም ተገለጸ።

ሁለተኛው ስም የመጣው ከዶሮ ነው። በዶሮዎች ላይ የቀይ ደም ሕዋስን ካንሰር የሚያስከትል አንድ ቫይረስ ነበር፤ ከበሽታው ስም የመጀመሪያ ፊደላት ተወስደው የቫይረሱ ጂኖች «ኤርብ-ኤ» እና «ኤርብ-ቢ» ተባሉ። በ1984 ኤርብ-ቢ የተባለው የቫይረሱ ጂን የላይኛውን የቆዳ ሽፋን ለሚያሳድገው ንጥረ ነገር ተቀባይ ከሆነው ፕሮቲን ጋር ተመሳሳይ ሆኖ ተገኘ። በ1985 የጃፓን ተመራማሪዎች በሰው የዘር ንጥረ ነገር ውስጥ ለኤርብ-ቢ የሚቀርብ ሌላ ጂን አግኝተው «ኤርብ-ቢ-2» አሉት። ይህ ጂን በምራቅ ዕጢ ካንሰር ውስጥ ከልክ በላይ ተባዝቶ ነበር።

ሦስተኛው ስም የተሰጠው በዚያው በ1985 ነው። በካሊፎርኒያ ጄነንቴክ በተባለው ድርጅት ይሠራ የነበረው አክሰል ኡልሪኽና ባልደረቦቹ የሰውን ጂን ለይተው አውጥተው «ኸር-2» ብለው ሰየሙት፤ ሲተረጐም «ሁለተኛው የሰው የላይኛ ቆዳ ዕድገት አነቃቂ ተቀባይ» ማለት ነው። ሦስቱ ስሞች የአንድ ነገር ስሞች መሆናቸው የታወቀው ጂኖቹ በክሮሞዞም ላይ ያላቸው ስፍራና የፊደላቸው ቅደም ተከተል ሲነጻጸር ነው፤ በሰው ላይ ስፍራው ክሮሞዞም 17 ነው። ከዚያ በኋላ በወጡ ጽሑፎች «ኸር-2/ኒዩ» የሚል በእዝባር የተያያዘ ስም ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት ቈየ። ዛሬ ጂኑ በይፋ የሚጠራው ከዶሮው ቫይረስ በወረሰው ስም ሲሆን፣ ፕሮቲኑ ግን ባብዛኛው ኸር-2 ይባላል።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገሮችን እናገኛለን። አንደኛ፣ በላቲን ፊደል የሚጻፉ ጽሑፎች የጂንን ስም በዘመመ ፊደል፣ የፕሮቲንን ስም በቀጥተኛ ፊደል በመጻፍ ሁለቱን ይለያሉ። በግዕዝ ፊደል ይህ ልማድ ስለ ሌለ ተርጓሚው ልዩነቱን በቃል መናገር፣ ማለትም «የኸር-2 ጂን» እና «የኸር-2 ፕሮቲን» ብሎ መጻፍ ግዴታው ነው።

ሁለተኛ፣ የስም መመሳሰል የአሠራር መመሳሰልን አያስከትልም። የዋይንበርግ ቡድን በ1986 እንዳሳየው በአይጦቹ ዕጢ ውስጥ ጂኑ ካንሰር አምጪ የሆነው አንዲት ፊደል ተለውጣ በፕሮቲኑ ውስጥ አንድ አሚኖ አሲድ በመተካቱ ነው። በሰው የጡት ካንሰር ውስጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጂኑ ሳይለወጥ ይበዛል፤ ፕሮቲኑም ጤናማ ሆኖ ሳለ ከመጠን በላይ ይመረታል። ስለዚህ «የተበላሸ ጂን» ወይም «የታመመ ፕሮቲን» ብሎ መተርጐም ለአይጡ ቢስማማ ለሰው አይስማማም። ትክክለኛው አነጋገር «የተባዛ ጂን» እና «ከመጠን በላይ የተመረተ ፕሮቲን» የሚለው ነው።

ሦስተኛ፣ ሙሉ ስሙ ራሱ ከነገሩ ጋር አይገጥምም። ኸር-2 የቆዳን ዕድገት የሚያነቃቃውን ንጥረ ነገር አይቀበልም፤ እስከ ዛሬም በቀጥታ የሚቀበለው ንጥረ ነገር አልተገኘለትም። በ1985 ስሙ የተሰጠው ከታወቀው ተቀባይ ጋር ባለው መልክ ነበር። በ2003 የፕሮቲኑ ቅርጽ ሲጠና፣ ሌሎቹ የቤተሰቡ አባላት ንጥረ ነገር ሲደርሳቸው የሚዘረጉ ሲሆኑ ኸር-2 ግን ዘወትር እንደ ተዘረጋ፣ ከእነርሱ ጋር ለመጣመር ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ መሆኑ ታወቀ። እንግዲህ «ተቀባይ» የተባለው ምንም የማይቀበል ሆኖ ተገኘ። በዚህ ላይ ተቀባይ የሚለው ቃል በሐኪም ቤት ደም ወይም ኵላሊት ከለጋሽ ለሚወስደው ሰውም ያገለግላል። ስለ ኸር-2 አሠራር በሚጻፍበት ጊዜ «አጋር ተቀባይ» ብንለው ሁለቱንም ችግር እናቃልላለን ብለን እናምናለን።

4. ከዕጩ ዒላማ ወደ መድኃኒት

በ1987 በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሐኪም የሆነው ዴኒስ ስሌመንና ባልደረቦቹ 189 የጡት ካንሰር ናሙናዎችን መርምረው የኸር-2 ጂን በ30 ከመቶው ውስጥ ከ2 እስከ 20 እጥፍና ከዚያም በላይ ተባዝቶ ማግኘታቸውን አስታወቁ። ጂኑ የተባዛባቸው ሴቶች ሕመም ቶሎ ያገረሽ፣ ዕድሜያቸውም ያጥር ነበር። በኋላ በተደረጉ ሰፋፊ ምርመራዎች መጠኑ ከ15 እስከ 20 ከመቶ እንደ ሆነ ይገመታል።

ፕሮቲኑ ክፉ ምልክት መሆኑ ከታወቀ ዘንድ ቀጣዩ ጥያቄ ሊመታ የሚችል መሆን አለመሆኑ ነበር። ጄፍሪ ድሬቢን፣ ማርክ ግሪንና ባልደረቦቻቸው በ1985 በኒዩ ፕሮቲን ላይ የሚጣበቅ አንቲቦዲ የሕዋሳቱን የካንሰር ጠባይ ሊመልስ እንደሚችል በቤተ ሙከራ አሳይተው ነበር። አንድ ወጥ አንቲቦዲ የማምረት ዘዴ በጆርጅ ኮለርና በሴዛር ሚልስቴን ከተገኘ ከ1975 ጀምሮ ለእንዲህ ያለው ሥራ መንገዱ ተከፍቶ ነበር። ይሁንና ከአይጥ የተገኘ አንቲቦዲ በሰው ሰውነት ዘንድ እንደ ባዕድ ስለሚቈጠር፣ በ1992 የጄነንቴክ ተመራማሪዎች አብዛኛውን ክፍሉን በሰው አንቲቦዲ ተኩት።

ከ1985 እስከ 1998 ባለው ጊዜ ኸር-2 ሊሆን ይችላል ተብሎ የታሰበ እንጂ የተረጋገጠ ዒላማ አልነበረም። ለዚህ ደረጃ አማርኛ ውብ ቃል አለው፤ «ዕጩ ዒላማ»። ታጭቶ ያልተሾመ፣ ታጭታም ያልተዳረች እንዳለ ሁሉ፣ ታጭቶ መድኃኒት ያልተገኘለት ፕሮቲን ብዙ ነው። ተርጓሚው «ዕጩ» የሚለውን ቃል ቢጥል፣ ተስፋ የነበረውን ነገር እንደ ተፈጸመ አድርጎ ለታማሚ ይነግራል። «ዕጩ አመልካች» የሚለውም እንደዚሁ ነው።

በመስከረም 1998 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ትራስቱዙማብ የተባለውን መድኃኒትና ለመድኃኒቱ የሚስማሙትን ታማሚዎች የሚለየውን የምርመራ ዕቃ ባንድነት ፈቀደ። በ2001 የታተመው፣ 469 ሴቶች የተካፈሉበት ጥናት እንዳመለከተው፣ ካንሰሩ ወደ ሌላ አካል በተዛመተባቸው ሴቶች ላይ መድኃኒቱ ከተለመደው የኬሚካል ሕክምና ጋር ሲሰጥ የዕድሜው አማካይ ከ20.3 ወደ 25.1 ወር ከፍ ብሏል። በ2005 በወጡት ጥናቶች ደግሞ በሽታው ገና ሳይዛመት ሲሰጥ የማገርሸቱን አደጋ በግማሽ ያህል መቀነሱ ታየ። በ2015 የዓለም የጤና ድርጅት መድኃኒቱን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል።

የመድኃኒቱ ስም ለቋንቋ ሊቅ ትኩረት የሚገባው ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ከ1953 ጀምሮ ለመድኃኒቶች ዓለም አቀፍ ስም ሲያወጣ በቋሚ ምዕላዶች ይሠራል። «-ማብ» አንድ ወጥ አንቲቦዲ መሆኑን፣ «-ዙ-» ወደ ሰው አንቲቦዲ የተጠጋ መሆኑን፣ «-ቱ-» በዕጢ ላይ የሚሠራ መሆኑን ያስረዳል፤ «ትራስ-» ግን ለመለያ ብቻ የተጨመረ እንጂ ፍች የለውም፤ ከራስጌያችን ትራስ ጋርም ዝምድና የለውም። ሥርዐቱም ቆሞ አልቀረም፤ «-ዙ-» በ2017 ለአዳዲስ ስሞች ቀርቷል፤ በ2021 ደግሞ «-ማብ» ራሱ በሌሎች ምዕላዶች እንዲተካ ተወስኗል። እንዲህ ያለው ስም ሳይነካ መጻፍ አለበት፤ ከተተረጐመ ወይም ፊደሉ ከተዛነፈ የሰውነት መታወቂያውን ያጣል።

በዚህ ስፍራ «ፀረ እንግዳ አካል» የሚለውን አነጋገር ማንሣት ያስፈልጋል። ይህ ሐረግ በጤና ትምህርት ለአንቲቦዲ አቻ ሆኖ ሲያገለግል ቈይቷል፤ ስለ ክትባት ወይም ስለ ጀርም ሲነገርም ይስማማል። ትራስቱዙማብ ግን የሚያነጣጥረው በእንግዳ ላይ አይደለም፤ በገዛ ሕዋሳችን፣ በገዛ ፕሮቲናችን ላይ ነው። የዚህም ውጤት በልብ ላይ ታየ። በ2001ዱ ጥናት መድኃኒቱ አንትራሳይክሊን ከሚባሉት መድኃኒቶች ጋር ከተሰጣቸው ሴቶች 27 ከመቶው የልብ ድካም ዐይነት ችግር ደርሶባቸዋል፤ ያለ እርሱ ግን 8 ከመቶ ነበር። የልብ ጡንቻም ይህን ፕሮቲን ይሻዋልና። እንግዲህ የኤርሊኽ ጥይት ዒላማውን ቢያገኝም ዒላማው ያለው ባንድ ቦታ ብቻ አይደለም። ስለዚህ «ፀረ እንግዳ» የሚለውን በዚህ ስፍራ ትተን «አንቲቦዲ» በሚለው የውሰት ቃል መጠቀም ይሻላል እንላለን።

5. ምልክት፣ ጠቋሚ ወይስ አመልካች?

በ2001 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የተሰበሰበ አንድ የሊቃውንት ቡድን ለሥነ ሕይወታዊ አመልካች ትርጓሜ ሰጠ። በእርሱ መሠረት አመልካች ማለት በትክክል ሊለካ የሚችል፣ ጤናማውን ሂደት፣ የበሽታውን ሂደት ወይም የሕክምናውን ውጤት የሚያሳይ ባሕርይ ነው። ለዚህ በአማርኛ ሦስት ቃላት ይወዳደራሉ።

«ምልክት» ቀዳሚው ነው፤ ነገር ግን «የበሽታ ምልክት» በሕዝብ አነጋገር ታማሚው የሚሰማው ወይም የሚያየው ነገር ነው። ኸር-2 ግን አይታይም፣ አይዳሰስም፤ ታማሚዋ አንዳች ሳይሰማት በቤተ ሙከራ ይለካል። «ጠቋሚ» ለሐሳቡ የቀረበ ነው፤ ሆኖም ሰውን አሳልፎ የሚሰጥ ሰላይን የሚያመለክት መራራ ፍች አለው። «አመልካች» ባስተዳደር ቋንቋ ማመልከቻ የሚያቀርበው ሰው ቢሆንም፣ «አመልካች ጣት» በሚለው ውስጥ ንጹሕ የሆነውን የማሳየት ፍች ጠብቆታል። ስለዚህ በመጀመሪያ አጠቃቀም «ሥነ ሕይወታዊ አመልካች»፣ ከዚያ በኋላ «አመልካች» ማለቱ ይበቃል። «የሕይወት አመልካች» የሚለውን ግን አንደግፍም፤ በሕይወት መኖርን የሚያሳይ ስለሚመስል።

ከዚህም በላይ አንድ ልዩነት መጠበቅ አለበት። በ1987 ኸር-2 የታወቀው በሽታው ወዴት እንደሚያመራ በማሳየቱ ነበር፤ ከ1998 ወዲህ ግን ታማሚዋ ለመድኃኒቱ ምላሽ ትሰጥ እንደ ሆነ በማሳየቱ ነው። የመጀመሪያውን «የአካሄድ አመልካች»፣ ሁለተኛውን «የምላሽ አመልካች» ልንለው እንችላለን። ሁለቱን ባንድነት «ተንባይ» ብሎ መተርጐም ክፉውን ዜናና መልካሙን ዜና ባንድ ቃል ማሰር ነው።

6. «ፖዚቲቭ» ስለሚለው ቃል

ታማሚዋ የምትሰማው የመጨረሻ ቃል «ኸር-2 ፖዚቲቭ» የሚለው ነው። በአማርኛ ንግግር «ፖዚቲቭ ነች» ሲባል ከረጅም ጊዜ ጀምሮ የሚሰማው ኤች አይ ቪ ነው። በዚህ ላይ አስተርጓሚው ኸር የሚለውን ምሕጻር ፊደል በፊደል «ኤች» ብሎ ቢጀምረው፣ ታማሚዋ ከሁለት ሕመም ጋር ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ አንዱ ያለባት፣ ሌላው በትርጕም የተጨመረባት። ቃሉን «አዎንታዊ» ብሎ መመለስም ከዚህ አያድንም፤ አዎንታዊ መልካም ማለት ይመስላልና።

ከ2022 ወዲህ ደግሞ የሁለትዮሽ ክፍፍሉ ራሱ ላልቷል። ፕሮቲኑ በቀለም ሲመረመር ውጤቱ 0፣ 1+፣ 2+ ወይም 3+ ተብሎ ይመዘናል፤ 2+ ሲሆን የጂኑ ብዛት ይቈጠራል። ቀድሞ «ኔጋቲቭ» ይባሉ ከነበሩት ውስጥ 1+ የሆኑት፣ እንዲሁም 2+ ሆነው ጂኑ ያልተባዛባቸው «ኸር-2 ዝቅተኛ» በሚል አዲስ ክፍል ገቡ፤ በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር በአሜሪካ ለእነርሱም አንቲቦዲው ከኬሚካል መድኃኒት ጋር የተያያዘበት ሕክምና ተፈቀደ። «የለብሽም» ተብላ የነበረች ሴት በፕሮቲኑ ላይ በሚያነጣጥር መድኃኒት ልትታከም ቻለች። ስለዚህ መተርጐም ያለበት መኖር አለመኖሩ ሳይሆን መጠኑ ነው፤ «በካንሰሩ ሕዋሳት ላይ የኸር-2 ፕሮቲን መጠን ከፍተኛ ነው» ወይም «ዝቅተኛ ነው» የሚለው አነጋገር ትክክልም ነው፣ ለጆሮም አያስደነግጥም።

ለበሽታው ስምም ይኸው ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ነቀርሳ ለካንሰርም ለሳንባ ነቀርሳም ይነገራል፤ አንዱ አይተላለፍም፣ ሌላው ይተላለፋል። ዕጢም እንዲሁ የተፈጥሮ አካል የሆነውንም፣ ካለ ቦታው የበቀለውንም ይጠራል፤ የጃፓኖቹን የ1985 ግኝት በዚህ ቃል ብቻ ለመግለጽ የሚሞክር ሰው «የምራቅ ዕጢ ዕጢ» ብሎ መጻፍ ሊኖርበት ነው። ካንሰር የሚለው የውሰት ቃል ሁለቱንም እንቅፋት ያነሣል።

7. ማጠቃለያ

ከላይ ከተመለከትነው የምናገኘው ደንብ አጭር ነው። በታሪክ አጋጣሚ የተሰጠ ስም፣ እንደ ኒዩ፣ ኤርብ-ቢ-2፣ ኸር-2 ወይም ትራስቱዙማብ ያለው፣ በድምፁ ይወሰድ እንጂ አይተረጐም፤ የአይጡን ነርቭና የዶሮውን ደም ወደ አማርኛ ማምጣት ለአንባቢ አይጠቅመውምና። ነገሩ የሚሠራውን ሥራ የሚገልጽ ቃል ግን፣ እንደ ዒላማ፣ ዕጩ ዒላማ፣ አጋር ተቀባይ፣ የአካሄድ አመልካችና የምላሽ አመልካች ያለው፣ በአማርኛ ይሰየም፤ ታማሚዋም ሐኪሟም የሚነጋገሩት በሥራው ነውና። ኸር-2ን ያገኙት ሰዎች የሦስቱን ስሞች አንድነት ያወቁት ዕቃውን ከዕቃው ጋር አነጻጽረው ነው። የመዝገበ ቃላት አዘጋጅም ቃልን ከቃል ጋር ብቻ ሳይሆን ቃልን ከነገሩ ጋር ማነጻጸር ይገባዋል።